«አንቺ» ማን ናት? ስድስት ቀን በወሎ

እናቴ አምባሰል የምታንጎራጉረው ልብስ ስታጥብ ብቻ ነው። ጀርባዋን ትሰጠናለች፣ እጇ አረፋ ውስጥ ነው፣ ድምጿ ከአፍንጫዋ ይወጣል። የግጥሙ መነሻ ሁሌ «አንቺ» ነው። ልጅ ሳለሁ እኔን የጠራችኝ እየመሰለኝ ስንቴ «አቤት» ብያለሁ። «አንቺን አይደለም» ትለኛለች። ታዲያ ማንን ነው? መልስ የለም።

ከወሎ የወጣችው በ1977 ዓ.ም. ነው፣ በ17 ዓመቷ። ለምን እንደወጣች ዓመተ ምህረቱ ራሱ ይናገራል። ከዚያ ወዲህ ተመልሳ አታውቅም። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ በየሰርጉና በየባህል ምግብ ቤቱ በወሎ ዘፈን እስክስታ ስወርድ ኖርኩ። ግጥሙን ልብ ብዬው አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ በ2011 ዓ.ም. ክራር መማር ጀመረ። መምህሩ አራቱን ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ ብሎ ሲዘረዝርለት ቤት መጥቶ «ሁለቱ እኮ የአገር ስም ናቸው፤ ሄደን ለምን አናያቸውም?» አለኝ። የዓመት ፈቃዴን ጠየቅኩና በዚያው ዓመት ጥር ላይ ወጣን።

ሐሙስ ጥር 16፤ ከላምበረት ወደ ደሴ

አውቶቡሱ 11 ሰዓት ላይ ይነሳል ተብለን በ10 ሰዓት ሌሊት ላምበረት ተገኘን። የተነሳው 12 ሊሆን ሲል ነው። ትኬቱ ለአንድ ሰው 230 ብር። ረዳቱ ክራሩን ሲያይ «ይሄ ዕቃ ነው፣ ይከፈልበታል» አለ። 20 ብር ከፈልንና ክራሩ ጣሪያ ላይ ወጣ። እቅፋችን ውስጥ ብናስቀምጠው ኖሮ ምን ነበረበት?

ደብረ ብርሃን ላይ ጣቴ ደንዝዞ ሻዩን በሁለት እጄ ነው የያዝኩት። ጣርማ በር ስንደርስ ጉሙ መንገዱን ውጦታል። ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ውስጥ ገብተን በወዲያኛው በኩል ስንወጣ ዓለም ሌላ ሆነ፤ ጸሐይ፣ ገደል፣ ከታች እስከ ቆላው ድረስ የሚታይ አገር። ደብረ ሲና ላይ የቆሎ ልጆች በመስኮት ወረሩን። በትንሽ ብርጭቆ 10 ብር። አዲስ አበባ በዚያው ዋጋ ግማሹን ነበር የሚሰፍሩልን፣ ሱፍም አልነበረበትም።

ሹፌሩ ዘፈኑን ወደ አምባሰል የቀየረው ቁልቁለቱ ላይ ነው። አውቶቡሱ ጭጭ አለ። አጠገቤ የተቀመጡት ነጭ ነጠላ የለበሱ እናት ለአስተርእዮ ማርያም ወደ ግሸን የሚሄዱ ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ዘፈኑን አብረው የሚሉ መስሎኝ «እማማ፣ ይሄ አንቺ የሚባለው ማንን ነው?» አልኳቸው።

«እመቤታችንን ነዋ!»

«ዘፈኑ ላይ?»

«የምን ዘፈን? እኔ ውዳሴዬን ነው የምደግመው።»

ተሸማቀቅኩ። ትንሽ ቆይተው ግን ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ዜማውማ ደስ ይላል። እሷንም ቢጠሩበት አትቀየምም» አሉኝ።

ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ የማስታውሰው ሙቀቱን ብቻ ነው። ከኮምቦልቻ በኋላ መንገዱ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ ይወጣል። ደሴ ገብተን ክራሩ ሲወርድ ሁለት ክር ተበጥሷል። ረዳቱን ስንጠይቀው «እኔ የተቀበልኩት ሙሉውን ነው፣ ያስረከብኩትም ሙሉውን ነው» አለን። ይሄ ሰውዬ አዝማሪ መሆን ነበረበት።

አርብ ጥር 17፤ ደሴ

ያረፍነው የእናቴ የአክስት ልጅ ቤት ነው። እኛ አክስቴ እንላታለን። ሆቴል እንያዝ ብንል «የሰው መሳቂያ ልታደርጉኝ ነው?» ብላ ሻንጣችንን ከእጃችን ነጠቀችን። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን። ወሎ ላይ ይሄን ማስረዳት አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ግን ባወራሁ ቁጥር ሰው ይገረማል።

ጠዋት ጨጨብሳ በላን። ቡናው ቀርቦ እጄን ወደ ስኒው ስሰድ አክስቴ በዓይኗ ገሠጸችኝ። ዱዓው አላለቀም። ለታመመው፣ መንገድ ላይ ላለው፣ ለዝናቡ፣ ለአገሩ ሰላም አንድ በአንድ ተለመነ። እኛ «አሚን» እንላለን። ቡናው በረደ። ማንም ግድ አልሰጠውም።

ከጎረቤት ሱቅ መንዙማ ይሰማል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ አዝማቹን ይቀበላሉ፣ ድቤውና ጭብጨባው ከታች ያግዛል። ወንድሜ ስኒውን አስቀምጦ «ይሄ እኮ ከትዝታ ጋር ዘመድ ነው» አለ። አክስቴ አልሳቀችም። «እኛ አንቺ አንልም። ነቢዩን ነው የምናወድሰው፣ አንተ ነው የምንለው። ናፍቆቱ ግን ያው ነው» አለችው። ከዚያ ሣጥኗን ከፍታ የአባቷን ደብተር አወጣች። ፊደሉ ዐረብኛ ነው። እሷ ስታነበው ግን የሚወጣው አማርኛ ነው! ዐጀሚ ይሉታል። በራሴ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ፊት መሃይም ሆኜ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት አይጠየፍ አዳራሽን አየን። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት ቤት ነው። ንጉሡ ራሳቸው መሐመድ አሊ ተብለው ያደጉ፣ ከ1870ው የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና የተነሱ ናቸው። ቤቱ ስሙን ያገኘው እስላሙም ክርስቲያኑም ሳይጠያየፍ ስለሚስተናገድበት ነው ይላሉ። ብዙ አልቆየንም። እኔ የምጠብቀው ማታውን ነበር።

አክስቴ «እስከ 3 ሰዓት ብቻ» ብላ ፈቀደችልን። አዝማሪ ቤቱ ጠባብ ናት፤ አግዳሚ ወንበር፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ፣ ጠጅ በብርሌ 20 ብር። አዝማሪው መሲንቆውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ወንድሜ አላስቻለውም፤ ጆሮው ላይ ጠጋ ብሎ የመጣሁበትን ነገረው። ሰውዬው ቀና ብሎ አየኝና፦

አንቺ ማን ናት ብላ ከሸገር የመጣች፣
መስታወቷን ምነው ቤቷ ጥላ ወጣች።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። 10 ብር ግንባሩ ላይ ከመለጠፍ ሌላ ምን ምርጫ አለኝ?

በእረፍቱ አጠገባችን ተቀመጠ። መድረክ ላይ ያለው ፌዝ ጠፍቶ እንደ መምህር ማውራት ጀመረ። «የአዝማሪ አንቺ ሁሌ ሴት ናት ብለሽ አትመኝ። ሹሙን በስሙ ብትጠሪው አንገትሽ ነው። አንቺ ካልሽው ግን ፍቅር ነው ትያለሽ።» ከዚያ መሲንቆውን ሳይነካ እንዲህ አለ፦

አምባሰል ሲወጡ ንቡ እየተቆጣ፣
ማሩን ማሩን ብሎ አገሩ ደጅ መጣ።

«ሰሙ ማር ቆረጣ ነው። ወርቁስ?» ብሎ ጠየቀን። እኔ ዝም። ወንድሜ ቀስ ብሎ «ማሩን… ይቅር በሉን» አለ። ንቡ ሹሙ ነው። አገሬው ደጁ ላይ የወደቀው ግብሩን ማሩን እያለ ነው። ይሄን በሞቅታ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ ለማሩ አጨብጭቤ እቀመጥ ነበር።

የሚፈራ ሙያ እንደነበር ታሪክ ይመሰክራል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ ከተጣለበት በኋላ ግራዚያኒ በአዲስ አበባ አዝማሪውን፣ ጠንቋዩን፣ ቃልቻውን እየለቀመ እንዲረሸን አድርጓል። መትረየስ ያለው ጦር መሲንቆ ፈራ ማለት ነው።

ቤት የገባነው 4 ሰዓት ላይ ነው። አክስቴ በሩ ላይ ቆማለች። ምን እንዳለችን አልጽፍም።

ቅዳሜ ጥር 18፤ ሐይቅ

ሚኒባስ 20 ብር። መኪኖቹ ወደ ግሸን ስለተነሱ አንድ ሰዓት ተኩል ተሰለፍን። ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደሄድን ሐይቁ ከታች ብቅ ይላል፤ ጥርት ያለ ሰማያዊ።

ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም። ወንድሜ የአባ ኢየሱስ ሞአን ገዳም ሊሳለም ገባ፣ «አንቺ» ውጭ ቀረች። ቅር አላለኝም አልልም። ከአሳ አጥማጆቹ ጋር ዳር ላይ ተቀምጬ ስለ ክራሩ ሳወራ አንደኛው ልጅ «የክራር ክር? ይሄስ?» ብሎ የመንጠቆውን ናይለን ዘረጋልኝ። ድሮ ክሩ ከጅማት ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ ናይለኑ የተለመደ ነው። ሁለት ክንድ ሰጠኝ፣ ገንዘብ አልቀበልም አለ። ወንድሜ ከገዳሙ ሲወጣ የተጠበሰ ቆሮሶ አሳ አዝዤ (70 ብር፣ ለሁለት የሚበቃ) ክሩን ይዤ ጠበቅኩት።

እዚያው ዛፍ ሥር ቃኘው። ከትዝታ ወደ አምባሰል እንዴት እንደሚሄድም አሳየኝ። ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ ባሉበት ይቀራሉ፤ ሁለቱን ትንሽ ያላላል፣ አንዱን ትንሽ ያጠብቃል። በቃ። ሦስት ክር በመንካት ብቻ ያው ክራር ሌላ ሰው ይሆናል። ትዝታው ይባባል፤ አምባሰሉ ግን የሚጠይቅ፣ የሚሞግት ነገር አለው። አጥማጁ ልጅ መረቡን አስቀምጦ ሰማ። ከዚያ «አሳውን አበረርክብኝ» አለው።

እሁድ ጥር 19፤ ውጫሌ

ውጫሌ የአምባሰል ወረዳ ከተማ ናት። ተራራው ከላይ ቁልቁል ያያታል። የአምባሰል ገዢ ማዕረጉ ጃንጥራር ይባል ነበር፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው ከዚሁ ናቸው። የአዝማሪው ንብ ከነማዕረጉ ታየኝ።

ውጫሌ ሲባል መቼም ውሉ ይታወሳል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው እዚሁ አካባቢ ይስማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ነው። አንቀጽ 17 በአማርኛው ሌላ፣ በጣሊያንኛው ሌላ። እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሰዎች ነን፤ እንደዚያች አንቀጽ ያለ ውድ ሰምና ወርቅ ግን አልተገጠመም። ዋጋው አድዋ ላይ ተከፈለ።

ከከተማው ወጣ ብሎ የእናቴ አክስት አሉ። ሰማንያ አልፏቸዋል። ስማችንን ሳይጠይቁ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጋግመው ሳሙኝ፣ ከዚያ «ከሳሽ» አሉኝ። ጎረቤት ሰርግ ነበር፣ ጥር አይደል። እየጎተቱ ወሰዱን። አንድ ዳስ፣ ሁለት ወጥ ቤት፤ ግራው የክርስቲያን፣ ቀኙ የእስላም። አሳላፊው ፊታችንን አይቶ ግራ ገባውና «የየትኛው ናችሁ?» አለን። ደሴ አክስቴ ቤት ሁለት ቀን ከርመን መልሱ ለእኛም ወዲያው አልመጣልንም።

ሙሽራዋ ስትወጣ ሴቶቹ አንቺ ሆዬን አነሱ። አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ይሄ ዘፈን ሲመጣ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን እንዘላለን። እዚህ እልልታው አለ፣ ጭፈራውም አለ፤ የሙሽራዋ እናት ግን ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። «አንቺ» በተባለ ቁጥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሲታይ እስክስታ ይመስላል።

ከሰርጉ ስንመለስ እሳቱ ዳር አያቴን ጠየቅኳቸው። አክስት ከማለት አያት ማለት ቀሎኛል። «እናቴ ስትዘፍን አንቺ የምትላት ማን ናት?»

«ልብስ ስታጥብ ነው?»

«እንዴት አወቁ?»

«እናቷ ስትፈጭ ነበር የምትለው።» ተነሱና እየተደገፉ ወደ ጓዳ ሄዱ። በጨለማው ውስጥ ወፍጮው አለ፤ መሃሉ እንደ ታንኳ ጎድጉዷል። መጁን፣ ከላይ በእጅ የሚገፋውን ድንጋይ፣ ፈለግኩ፣ የለም። «በሩን አስደግፈንበታል። ከተማው የመብራት ወፍጮ ካስገባ ወዲህ ማን ይፈጫል?» አሉ። ከዚያ ቆመው፣ ወደ ፊት ወደ ኋላ እያሉ፣ ባዶ እጃቸውን እየገፉ እንዲህ አሉልን፦

አንቺ ሆዬ ወፍጮ ድንጋዩ ዘመዴ፣
አንቺ ትሰሚያለሽ ሲያወጋሽ ሆዴ።

«ወፍጮዋን ነው?» አልኩ።

«ታዲያ ማንን? ከአማቴ ጋር ላውጋ?» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሌሊት ሁሉ የሚፈጭ ሰው ከድንጋዩ ጋር ያወራል አሉኝ። ባሏ የመታት፣ ልጇ የሞተባት፣ እናቷን የናፈቀች፣ ሁሉም ለወፍጮዋ ይነግራል። ወፍጮ ወሬ አያወጣም። ጠዋት ዱቄቱ ብቻ ነው የሚታየው።

ስንወጣ ሁለት ኪሎ ነጭ ማር ገዛን፣ ኪሎው 200 ብር። በላስቲክ ዕቃ ተደረገልን። ክዳኑን ደጋግሜ ማየት ነበረብኝ።

ሰኞ ጥር 20፤ ባቲ

ኮምቦልቻ አድረን በማለዳ ወደ ባቲ ወረድን፣ 25 ብር። መንገዱ እየሞቀ፣ እየደረቀ፣ ሰፋ እያለ ይሄዳል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። አፋሮቹ ግመላቸውን እየነዱ፣ ጊሌ የሚሉትን ጩቤ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ከቆላ ይወጣሉ። ኦሮሞውና አማራው እህሉን ይዞ ከደጋ ይወርዳል። ጨው፣ ፍየል፣ ቅቤ፣ በርበሬ፣ የቻይና ጫማ። ደላላው ለአንድ ግመል 30 ሺህ ጠራልን። ለምን እንደጠራልን አላውቅም፤ የግመል ገዢ እንመስላለን እንዴ?

አዲስ አበባ የባህል ምግብ ቤት መድረክ ላይ «የባቲ ገበያ» ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ልጆቹ ቅርጫት ተሸክመው፣ ነጭ በነጭ ለብሰው፣ አንገታቸውን እየሰበቁ፣ እየተሽኮረመሙ ይወጣሉ። እዚህ የሚሽኮረመም ሰው አላየሁም። አንዷ ልጅ በ5 ብር ልዩነት ከነጋዴው ጋር ግማሽ ሰዓት ስትከራከር አየሁ። አሸነፈች።

ሻይ ቤት ገብተን ወንድሜ ክራሩን አወጣና በባቲ ቅኝት ጀመረ። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ከስልኮቹ የሚወጣው የኦሮምኛና የአፋርኛ ዘፈን ነው። ወንድሜ ተናደደ። «ባቲ ላይ ባቲ የማይሰማ!» ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ ሰማችው። የግመል ወተቱን እየቀዳች «ባቲን የሚዘፍኗት ጥለዋት የሄዱ ናቸው። እዚሁ ያለ ሰው ምን ብሎ ይናፍቃታል? እኔ በየሳምንቱ ሰኞ አያታለሁ፣ ትበቃኛለች» አለችው።

ወተቱ ጭስ ጭስ ይላል። ወንድሜ አልወደደውም። የእሱንም እኔ ጠጣሁት።

ማክሰኞ ጥር 21፤ ወደ ቤት

ስለ መንገዱ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ልግዛ ብዬ ቦርሳዬን ስከፍት እጄ ተጣበቀ። የማሩ ክዳን ተከፍቶ ግማሹ በወንድሜ ጋቢ ላይ ፈሷል። ከጣርማ በር እስከ ላምበረት ሦስት ንቦች አብረውን ተጓዙ። ከየት እንደመጡ እንጃ።

እናቴ ጋቢውን ስታይ ጮኸች። ከዚያ ጫፉን አሸተተች፣ በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰች።

«የአምባሰል ነው?»

«አዎ።»

ሌላ አልተናገረችም። ስለ አክስቷ፣ ስለ ሰርጉ፣ ስለ አዝማሪው ነገርኳት። ስለ ማሩን ማሩን ስነግራት ፈገግ አለች። ስለ ወፍጮው ስነግራት ግን ጋቢውን እንደያዘች ቆመች።

«መጁስ አለ?»

«አለ። በር ተደግፎበታል።»

«በር» አለች። ጋቢውን ይዛ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ሳፋውን ሞላች፣ ጀርባዋን ሰጠችን። ትንሽ ቆይቶ ከአረፋው መሃል «አንቺ…» የሚል ድምፅ መጣ። ዝም አልኩ።

ድጋሚ «አንቺ!» አለች ጮክ ብላ። «ምነው ደነቆርሽ? ሳሙናውን አቀብይኝ እንጂ።»